ለልጅ ልጅ በስሙ የሚጻፍ ደብዳቤ

(በአዲስ አበባ በተደረገ የጡረተኞች ስብሰባ ላይ በአንዲት ጡረተኛ መምህርት የቀረበ ንግግር፤ በቃል ከተነገረው በጥቂቱ ብቻ ተስተካክሎ የተጻፈ።)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ የሥራ ባልደረቦቼ የነበራችሁ መምህራን፣ እንዲሁም ወላጆቻችሁን አጅባችሁ የመጣችሁ ልጆች፣ እንደምን አረፈዳችሁ? ሰብሳቢዎቻችን ይህን ዕድል ስለ ሰጡኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ከኋላ የተቀመጣችሁ፣ ድምፄ ይሰማችኋል? ካልተሰማችሁ እጃችሁን አንሡ፤ ዕድሜዬን በክፍል ውስጥ ስጮህ የኖርኩ ሰው ነኝና ድምፅ አላጣም።

የዛሬው ጉዳያችን ደብዳቤ ነው፤ ያውም በእጅ ተጽፎ፣ በፖስታ ታሽጎ፣ ባሕር ማዶ ላለ የልጅ ልጅ የሚላክ ደብዳቤ። አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ "በዚህ ዘመን ደግሞ ደብዳቤ ምን ይሠራል? ስልኩ አለ፣ ቪዲዮው አለ፣ ቴሌግራሙ አለ" እያላችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። እውነታችሁን ነው፣ አለ። እኔም በየሳምንቱ እጠቀምበታለሁ። "በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል" የሚለውን ተረት ሁላችሁም ስለምታውቁት ዛሬ አላብራራውም፤ የድሮውን ዘመን ለማወደስም አልመጣሁም፤ የድሮው ደብዳቤ የራሱ ጣጣ ነበረበት፣ እርሱንም እነግራችኋለሁ። የመጣሁት አንድ ነገር ለማለት ነው። ስልኩ የወላጅ ነው፤ ደብዳቤው የልጁ ነው። ይህን ያልኩበትን ምክንያት አስቀድሜ እናገራለሁ፤ ከዚያ ምን እንደምንጽፍ፣ በመጨረሻም የጻፍነው እንዴት እንደሚደርስ እናያለን።

እስቲ የእሑዱን የቪዲዮ ጥሪ አስቡት። እዚህ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ የልጄ ቤተሰብ በሚኖርበት በሜሪላንድ እኩለ ቀን ገደማ ነው። ልጄ ስልኩን ይዛ "ና፣ ና፣ እማማን ሰላም በላት!" ትላለች። ልጁ ይመጣል። "ደህና ነህ የኔ ጌታ?" "ደህና።" "ትምህርት እንዴት ነው?" "ጥሩ።" ከዚያ እናቱ ከጎን ሆና "ናፍቀሽኛል በላት እንጂ!" ትላለች፤ እርሱም "ናፍቀሽኛል" ይላል፤ ስልኩን ሶፋው ላይ ጥሎ ይሮጣል። በዚያ ጥሪ አጥርቼ የማውቀው ነገር ቢኖር የሳሎናቸውን ጣሪያ ነው። እናንተስ? ስንቶቻችን ነን የልጆቻችንን ሳሎን ጣሪያ የምናውቅ? (ሳቅ) ልጁን አልወቅሰውም። ሰዓቱን የመረጠው እርሱ አይደለም፤ ስልኩም የእርሱ አይደለም፤ የሚናገረውም ቃል ከጎኑ እየተነገረው ነው። እዚያ ላይ የምናወራው እኔና እናቱ ነን፤ እርሱ በመካከላችን የሚያልፍ ሰላምታ ነው።

አሁን ደግሞ ደብዳቤውን አስቡት። በአሜሪካ ቤት የሚገባው ፖስታ ሁሉ የአባትና የእናት ነው፤ የመብራት ሒሳብ ነው፣ የባንክ ወረቀት ነው፣ የሱቅ ማስታወቂያ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ በስሙ ምን ይመጣለታል? አንድ ቀን ግን ስሙ የተጻፈበት ፖስታ ይመጣል። ልጄ እንደ ነገረችኝ፣ የመጀመሪያው የደረሰ ዕለት ልጁ ፖስታውን ከእጇ ተቀብሎ "የኔ ብቻ ነው?" ብሎ ጠየቃት፤ አዎ ስትለው ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ። ማንበብ የሚችለው ግማሹን ብቻ ነበር። ቢሆንም በሩን ዘጋ። ይህ ነገር ቀላል ይመስላችኋል?

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። በአገራችን ዘመናዊ ፖስታ በዐፄ ምኒልክ ዘመን በ1886 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1901 ዓ.ም. ደግሞ አገራችን የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ከዚያ በፊት መልእክተኛው ደብዳቤውን በተሰነጠቀ ዘንግ ጫፍ ላይ ሰክቶ፣ ዘንጉን ከፍ አድርጎ ይዞ በእግሩ ይሄድ ነበር። ይሁንና ፖስታ ቤት መኖሩ ብቻውን ደብዳቤን የሁሉም ሰው አላደረገውም፤ ምክንያቱም አብዛኛው ሕዝብ አያነብም ነበር። እኔ በወጣትነቴ በሰሜን ሸዋ በምትገኝ አንዲት የገጠር ከተማ አስተምር ነበር። ለአካባቢው ሰው የሚመጣው ደብዳቤ በትምህርት ቤቱ ፖስታ ሣጥን በኩል ይመጣል፤ አንባቢውም ጸሐፊውም እኛ መምህራኑ ነበርን። በገበያ ቀን ልጆቻቸው ወታደር የሆኑባቸው እናቶች እየመጡ ያስጽፋሉ። ቃሉን ታስታውሳላችሁ፤ "ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከብቱም ደህና ነው፤ አጎትህም ሰላም ብሎሃል።"

ከእነርሱ አንዲት እናት ነበሩ፤ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጀምሩና "ተይው ልጄ፣ እርሱን አትጻፊው" ይሉኛል። እኔም እተወዋለሁ። ያፍሩ የነበረው ከልጃቸው አልነበረም፤ ከእኔ ነበር። በእናትና በልጅ መካከል የእኔ እጅ፣ የእኔ ጆሮ ገብቶ ነበር። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር እኒያ እናት ተመዘገቡ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ከልጅ ልጆቻቸው ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ከጊዜ በኋላ አንድ የገበያ ቀን መጡና ከመቀነታቸው የታሸገ ፖስታ አወጡ። "አድራሻውን ብቻ ጻፊልኝ" አሉኝ። ጻፍኩላቸው። በውስጡ ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ማወቅም አልነበረብኝም። የድሮው ደብዳቤ ጣጣ ነበረበት ያልኩት ይህን ነው፤ ሦስተኛ ሰው ነበረበት። ዛሬ ደግሞ ሦስተኛው ሰው ወደ ስልኩ ተዛውሯል።

ወደ ሁለተኛው ነገር ልሻገር፤ ምን እንጻፍ? እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ የሚበላሸው እዚህ ነውና።

እኛ አያቶች እስክሪብቶ ስንይዝ ወዲያው ሰባኪ እንሆናለን። "ጎበዝ ተማሪ ሁን፣ ወላጆችህን አክብር፣ ባህልህን አትርሳ።" ይህን ለልጁ የሚነግረው ሰው አላጣም፤ ጠዋት ማታ ይነገረዋል። ምርቃት ይኑር፤ ምርቃት የሌለው የአያት ደብዳቤ ምን ደብዳቤ ነው? ነገር ግን ምርቃቱ በመጨረሻው መስመር ይግባና ይብቃው። ከዚያ በላይ ያለው ቦታ የሚነገር ነገር ይፈልጋል። ምን ይነገር? ያያችሁት ነገር ይነገር። አንድ ነገር፣ ትንሽ ነገር፣ በዚያ ሳምንት የሆነ ነገር። ከጻፍኳቸው አንዱን ላንብብላችሁ፤ ቅጂ ስለምይዝ ነው፤ እናንተም ያዙ።

"ይድረስ ለምወድህ የልጅ ልጄ። እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ። ትናንት ጠዋት የጎረቤታችን ዶሮ በመስኮት ገብታ ረከቦቱ ላይ ወጣች። ሲኒዎቹን ሰበረቻቸው። እኔ ስጮህ እርሷም ጮኸች። አሁን አንድ ጥያቄ አለኝ። ይህች ዶሮ ስም የላትም። ምን ብለን እንጥራት? ስም አውጣላትና ጻፍልኝ። እደግልኝ፣ ተመንደግልኝ። እማማ።"

ይኸው ነው። መልሱ ከሳምንታት በኋላ መጣ። በመስመር ወረቀት ላይ ጫማ ያደረገች ዶሮ ተስላለች፤ ከሥሯ በእርሳስ፣ በትልልቅ ፊደል "ነቡር" ይላል። መጀመሪያ ግራ ገባኝ። ኋላ ሳየው የ"ብ"ን ጭረት በግራ በኩል ማውጣት ሲገባው በቀኝ አውጥቶት ነው፤ "ነብር" ሊል ፈልጎ ነው። ዶሮዋን ነብር ብሏታል! የእርሳሱ ምልክት ወረቀቱን ሊበሳው ምንም አልቀረውም፤ ያን ያህል ተጭኖ ነው የጻፈው። እኔ መምህርት ነኝ፤ የተማሪ ስሕተት ሳይ እጄን ይበላኛል። ነገር ግን ቀይ እስክሪብቶ አላነሣሁም፤ ወረቀቱንም አርሜ አልመለስኩለትም። በሚቀጥለው ደብዳቤ ላይ "ነብር ደህና ናት፤ ነብር ዛሬ እንቁላል ጣለች፤ ነብር ሰላም ብላሃለች" ብዬ አጉልቼ ጻፍኩ። ቀጥሎ የመጣው "ነብር" ትክክለኛ ነብር ነበር። መምህራን የሆናችሁ ስሙኝ፤ ደብዳቤ ፈተና አይደለም። ልጁ አንድ ጊዜ ከታረመ ሁለተኛ አይጽፍም።

ነብር እስካሁን በሕይወት አለች። ጎረቤቴን ለምኜ ፋሲካን አልፋለች፤ ምክንያቱም ዶሮ ወጥ ሆናለች ብዬ ለልጁ የምጽፍበት አቅም የለኝም። (ሳቅ)

ጥያቄውን ልብ በሉት። "ትምህርት እንዴት ነው?" የሚለው ጥያቄ "ጥሩ" ከማለት ሌላ መልስ የለውም። "ለዶሮዋ ስም አውጣላት" የሚለው ግን ያለ እርሱ የሚመልሰው ሰው የለም። ልጁ ካልጻፈ ዶሮዋ ስም የላትም። ስለዚህ እያንዳንዱ ደብዳቤያችሁ እርሱ ብቻ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ይኑርበት። አንድ ይበቃል፤ ስድስት ጥያቄ ከተጠየቀ ቀበሌ የቀረበ ይመስለዋል።

"ልጁ አማርኛ አያነብምሳ?" የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። የእኔም በደንብ አያነብም። ያደረግሁትን ልንገራችሁ። በእያንዳንዱ ደብዳቤ ግርጌ አንድ የፊደል ረድፍ እጽፋለሁ፤ በመጀመሪያው ከሀ እስከ ሆ፣ በሁለተኛው ከለ እስከ ሎ፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ሠላሳ ሦስት ረድፍ አለን፤ ሠላሳ ሦስት ደብዳቤ የሚሆን ምክንያት አለን ማለት ነው። ከረድፉ ቀጥሎ በዚያ ፊደል የሚጀምር ነገር እሥላለሁ። ሥዕሌ መጥፎ ነው፤ ልጁ ይስቅበታል፤ ይሳቅ። የቀረውን ደብዳቤ በአጫጭር ዓረፍተ ነገር፣ በሰፋፊ ፊደል ጻፉት። እርሱ በእንግሊዝኛ ቢመልስ አትቀየሙ፤ የሚችለውን እየሰጣችሁ ነው።

እንግሊዝኛ የምትችሉና በእንግሊዝኛ የምትጽፉ አያቶች ደግሞ አንድ ነገር አስተውሉ። እኛ ትምህርት ቤት የተማርነው እየተያያዘ የሚጻፈውን የእንግሊዝኛ የእጅ ጽሕፈት ነው፤ ይታያል፣ ያምራል። ነገር ግን ብዙዎቹ የአሜሪካ ክፍላተ ግዛት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 የወጣውን የጋራ የትምህርት መለኪያ ሲከተሉ፣ የተያያዘ ጽሕፈት በውስጡ ስላልነበረ ብዙ ልጆች ሳይማሩት አድገዋል። ካሊፎርኒያ በ2023 ባወጣችው ሕግ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል እንዲሰጥ መልሳዋለች፤ ሌሎችም ክፍላተ ግዛት እንዲሁ አድርገዋል። እስከዚያው ግን ያ ያማረ ጽሕፈታችሁ ለልጁ ልክ እንደ ሐኪም ማዘዣ ነው። ፊደሉን ነጣጥላችሁ ጻፉለት።

የልጅ ልጆቻችሁ በእስራኤል፣ በጀርመን፣ በስዊድን ያሉባችሁም እንዳላችሁ አውቃለሁ። ልጁ በዕብራይስጥ ቢጽፍ ሰው ካላስነበባችሁ አታውቁትም፤ ያ ሦስተኛ ሰው እንደገና ገባ ማለት ነው። እንዲህ ላለው ሥዕል መልካም ነው። ድሮ እኮ እንቁጣጣሽ ሲደርስ ወንዶች ልጆች አበባና መላእክት በቀለም እየሣሉ በየቤቱ ያድሉ አልነበረም? እኔ በየዓመቱ የእንቁጣጣሽ ሥዕል ለልጅ ልጆቼ እልካለሁ፤ እነርሱም ይልኩልኛል። ለሥዕል አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ቀጥሎ የምለውን እባካችሁ በደንብ ያዙልኝ፤ ከሁሉም ይልቅ ይህን። በልጁ ደብዳቤ ውስጥ ለወላጁ መልእክት አታስገቡ። "አባትህ የላከው ብር ደርሶኛል በለው"፣ "እናትህ ለአክስትህ ትደውልላት"፣ "የቤቱን ጉዳይ አደራ በለው"። ይህ ሲሆን ደብዳቤው ከልጁ እጅ ይወሰድና የወላጅ ይሆናል፤ ልጁም መልእክተኛ ይሆናል። ለአባትየው ስልክ ደውሉለት፤ ስልኩ የእርሱ ነው ብለን የለም? ወቀሳም እንዲሁ። "ረሳችሁኝ፣ አያት የላችሁም ወይ፣ ሳልሞት እንኳ" የምንለው ነገር አለ፤ እኔን ጨምሮ። ለአሥር ዓመት ልጅ የሚጻፍ ወቀሳ ከመልስ ይልቅ ፍርሃት ያመጣል። የአሥራ ስድስት ዓመቷ የልጅ ልጄ መልስ የምትጽፈው በዓመት አንዴ ቢሆን ነው፤ እኔ ግን አላቋርጥም፤ አጭር ካርድ ላይ ሦስት መስመር ጽፌ እልካለሁ፤ ለምን አልመለሽም አልላትም። እናቷ እንደምትለኝ ካርዶቹን ከመስታወቷ ጠርዝ ላይ ሰክታቸዋለች።

ወላጆቻችሁን አጅባችሁ የመጣችሁ፣ ወንድም እህቶቻችሁ ውጭ ያሉባችሁ ልጆች፣ ይህን ለእነርሱ አድርሱልኝ። ፖስታውን አትክፈቱበት። ሲጽፍ ከኋላው ቆማችሁ አታስጽፉት። ከእናንተ የሚፈለገው አድራሻ የተጻፈበት ፖስታና ቴምብር ልጁ በሚደርስበት መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። በአሜሪካ ወደ ውጭ አገር ለሚላክ ደብዳቤ ክብ የሆነ ቴምብር ይሸጣል፤ እስከ አንድ አውንስ፣ ማለትም እስከ 28 ግራም ገደማ፣ አንዱ ይበቃዋል። ዋጋው ቢጨምርም አስቀድሞ የተገዛው ይሠራል። ጥቂት ገዝታችሁ አስቀምጡ።

የመጨረሻው ነገር እንዴት እንደሚደርስ ነው፤ ይህን ቶሎ ልጨርሰው፤ ሻይ ሳይቀዘቅዝ።

በአገራችን ደብዳቤ በአብዛኛው የሚመጣው በፖስታ ሣጥን ነውና መልስ የምትፈልጉ ከሆነ ሣጥን ያስፈልጋችኋል። የራሳችሁን መከራየት ትችላላችሁ፤ ካልሆነ ሣጥን ያለው ጎረቤት፣ ዘመድ ወይም ማኅበር አስፈቅዳችሁ ቁጥሩን ከስማችሁ በታች ጻፉ። ወደ ውጭ ሲጻፍ አድራሻው በላቲን ፊደል ይሁን። የልጁ ስም ከላይ፣ የቤቱ ቁጥርና መንገዱ ቀጥሎ፣ አፓርትመንት ከሆነ የአፓርትመንቱ ቁጥር ሳይረሳ፣ ከዚያ ከተማው፣ ክፍለ ግዛቱና አምስት አኃዝ ያለው የፖስታ መለያ ቁጥር፤ የአገሩ ስም በመጨረሻው መስመር ብቻውን። የእናንተ አድራሻ በግራ ራስጌ። ፖስታ ቤት ስትሄዱ ደብዳቤው ይመዘናል፤ ከ20 ግራም ካለፈ ዋጋው ይጨምራል፤ ስለዚህ ሁለት ሉክ ወረቀት ይብቃችሁ፤ ለልጁም ይበቃዋል። ብር ወይም ዶላር ውስጡ አታስገቡ። የአበባና የእህል ዘርም አታስገቡ፤ ጉምሩክ ይይዘዋል፤ አደይ አበባ ማሳየት ካሻችሁ ሣሉት።

ደብዳቤው ሦስት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል፤ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። እናንተ ጥያቄ ጠይቃችሁ መልሱ ሳይመጣ ሌላ ትጽፋላችሁ፤ ሁለቱ በመንገድ ይተላለፋሉ። ስለዚህ በራስጌው ላይ ቁጥር ስጡት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ፤ ልጁ በዚያው ለምን ሰባት ዓመት ተኩል ወደ ኋላ እንደቀራችሁ ይጠይቃችኋል፤ ይኸውላችሁ የሚቀጥለው ደብዳቤ! ለእንቁጣጣሽ እንዲደርስ የምትፈልጉትን በሐምሌ መጨረሻ ላኩት። ተጓዥ ስታገኙ ደግሞ በሰው እጅ መላክ ይቻላል፤ ቦሌ ላይ ለሚሸኝ ሰው ወረቀት ይቀላል። ተጓዡን ግን አታስቸግሩት፤ እዚያ ሲደርስ የአገሩን ቴምብር ለጥፎ ፖስታ ሣጥን ውስጥ ቢጥለው ለልጁ በስሙ በፖስተኛ እጅ ይደርሰዋል። ለእናቱ ከሰጣትማ ተመልሶ የእናቱ ሆነ።

አንድ ነገር ሳልናገር አልወርድም። የዴንማርክ መንግሥታዊ ፖስታ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1624 ጀምሮ ሲሠራበት የኖረውን ደብዳቤ የማድረስ ሥራ በ2025 መጨረሻ አቁሟል፤ ቀያይ የደብዳቤ ሣጥኖቹም ከየመንገዱ ተነሥተዋል። ሥራውን የግል ድርጅት ስለያዘው የልጅ ልጆቻችሁ በዚያ ያሉባችሁ አትደንግጡ፤ ደብዳቤ አሁንም ይገባል። ይህን ያነሣሁት "ነገ እጽፋለሁ" ለምትሉ ነው። እኛ ስንዘገይ አገልግሎቱም አይጠብቀን ይሆናል።

ንግግሬ በዚህ አበቃ። በግራ በኩል ባለው ጠረጴዛ ላይ መስመር ያለው ወረቀት፣ ፖስታና እስክሪብቶ ተቀምጧል። የልጅ ልጆቻችሁን አድራሻ በስልካችሁ ይዛችሁ የመጣችሁ፣ ከጠረጴዛው አጠገብ የቆሙት ወጣቶች በላቲን ፊደል በፖስታው ላይ ይጽፉላችኋል። አድራሻውን ብቻ ነው የሚጽፉላችሁ፤ ውስጡን ራሳችሁ። ዓይናችሁ የደከመባችሁ መነጽር አለ፤ እጃችሁ የሚንቀጠቀጥ ደግሞ በትልቁ ጻፉት፤ ልጆቹም እንዲሁ ነው የሚጽፉት። ነገ ወደ ዋናው ፖስታ ቤት ስለምወርድ ዛሬ የታሸገውን ይዤ እሄዳለሁ። ከዚያ በፊት ጥያቄ ያላችሁ? አዎ፣ አባቴ፣ እርስዎ ይጀምሩ።